ከኋላው ወንበር ሥር የተገኘው ወረቀት

እኔ አርዲት ማክሲን ስቶልዝ፣ የኢንዲያና ነዋሪ፣ ዕድሜዬ ሰባ ሰባት፣ ኩላሊቴ የደከመ አእምሮዬ ግን ያልደከመ፣ ዛሬ ሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን 2024 ማንም ሳያስገድደኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፉት ጠበቃዬ አቶ ጌሪንግ ናቸው፤ የጻፉትን ሁለት ሁለት ጊዜ አስነብባቸዋለሁ። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ሎይስ ሃኬትና ፖስታ አመላላሻችን ዴል ክራውስ ናቸው። ሁለቱም ከእኔ አንዳች አይወርሱም፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር።

ቤቱና ቤቱ ያረፈበት መሬት ለሟች እኅቴ ልጅ ለጆሊን ይሁን። ለጆሊን እንጂ ለባሏ ለክሬግ አላልሁም፤ አቶ ጌሪንግ፣ ያስምሩበት። ክሬግ ቤቴ በመጣ ቁጥር ዐይኑ ከእኔ ቀድሞ የሚሳለመው ጋራዡን ነው።

የልብስ ስፌት መኪናዬ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ። ሎይስ እንደምትመኘው አውቃለሁ፤ ምስክር ያደረግኋትም እንዳትወርሰው ነው። ("ኧረ አርዲት! እግዜር ይይልሽ!" አለች ሎይስ። ይህም ይጻፍ።)

አሁን ወደ መኪናዋ። በ1971 በሃያ አራት ዓመቴ፣ በስልክ ቤት ደመወዜ የገዛኋት፣ ሐምራዊ፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ናት። እንዲያ ያሉ ጉልበተኛ መኪኖች መሠራታቸው ሊቀር ጥቂት ዓመት ሲቀረው የወጣች ናት። ቀለሟ የፋብሪካው ነው፤ ወንበሯ፣ ሬዲዮዋ፣ ሁሉም የራሷ ነው። አድሶ የሚያብረቀርቅ ሞልቷል፤ ሳይነካ ያቆየ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጋራዡን በሦስት ቁልፍ ቆልፌ፣ በኮፈኗ ጠርዝ ላይ ክር እየለጠፍሁ ጠብቄአታለሁ። ክሩን ሁለት ጊዜ ተበጥሶ አገኘሁት። ድመት ነው አሉኝ፤ አላመንሁም።

አምኜ የሰጠኋት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለታናሽ ወንድሜ ለድዌይን። ድዌይን መካኒክ ነው። በ1986 ሞተሯ ዘይት ማንጠባጠብ ቢጀምር እሱ ዘንድ ወር ሙሉ ከረመች። በተመለሰች በሳምንቱ፣ የጠፋ የጆሮ ጌጤን ስፈልግ የኋላውን ወንበር ነቀልሁና ከስፕሪንጉ መካከል የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ፋብሪካው ለእያንዳንዷ መኪና ምን እንደሚገጠምላት የሚጽፍበት፣ ሠራተኞቹ ሲጨርሱ ወንበር ሥር የሚወሽቁት ወረቀት ነው። አንድ መሆን ሲገባቸው፣ የወረቀቱ ቁጥርና በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር አልገጠሙም። የፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የመኪናዋን ቁጥር ማየት ትዝም አላለኝ፤ ከራሷ ሆድ የወጣ ወረቀት የሌላ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

በዚያው ዓመት በምስጋና ቀን ማዕድ ላይ፣ እናታችን ፊት፣ "ሞተሬን ሸጠህ የሰው ሞተር ገጠምክልኝ! ሌባ!" አልሁት።

"እትዬ፣ ሞተርሽ የራስሽ ነው። እኔ ዘይት የሚያፈሰውን ጓርኒሲዮን ብቻ ነው የቀየርኩት።"

"ወረቀቱ ይዋሻል እንግዲህ?"

"ወረቀቱን አላውቀውም። እኔን ግን ታውቂኛለሽ።"

ሹካውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልተነጋገርንም፤ እናታችን ስትቀበር እንኳ እሱ ከጉድጓዱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ቆምን። በየዓመቱ ብርድ ሊገባ ሲል ግን ደጄ ላይ አንድ ከረጢት ናፍታሊን አገኛለሁ፤ አይጥ የመኪናዋን ሽቦ እንዳይበላ። ማን እንደሚያስቀምጠው አውቅ ነበር። ጋራዡን ሊያስከፍተኝ ነው እያልሁ እጥለው ነበር።

ባለፈው ወር ክሬግ የመኪና ዋጋ ገማች ይዞ መጣ። ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ መስታወቱ ሥር ያለውን ቁጥር አየ፣ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ።

"እትዬ፣ ይሄ የርስዎ መኪና ወረቀት አይደለም" አለ። "ከሷ ቀድማ ከፋብሪካ የወጣችው መኪና ወረቀት ነው። ሠራተኞቹ ሲጣደፉ ይሳሳቱ ነበር። ሞተሩማ የራሷ ነው!"

ከክሬግ ጋር ተመሳጥሮ ዋጋ ሊሰቅል ነው ብዬ አባረርሁት። ከዚያ አጉሊ መነጽሬን ይዤ ራሴ ገባሁ። የመጨረሻው ቁጥር መስታወቱ ሥር ሰባት፣ ሞተሩ ላይ ሰባት፣ ወረቀቱ ላይ ስድስት። ኮፈኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ጠርጥሬ ተመነጠርሁ። ድዌይን፣ በሰው ፊት ሰድቤሃለሁና በሰው ፊት ቃሌን አነሣለሁ። ሌባ አይደለህም። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።

መኪናዋ ለድዌይን ትሁን። አቶ ጌሪንግ "እንዳይቀባት፣ እንዳይሸጣት የሚል ቃል እናስገባ?" አሉኝ፤ ጠባዬን ስለሚያውቁ ነው። አያስገቡ። ቢፈልግ ቀይ ይቀባት፣ ቢፈልግ ዶሮ ያሳድርባት። ሦስቱ ቁልፎችም ሳልሞት፣ ዛሬውኑ በዴል እጅ ይድረሱት። ክሬግ እንዳያስቀርጻቸው ቁልፎቹ ያሉበትን ፖስታ በሰም አሽጌዋለሁ።

ይህ ቃሌ ነው። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ሁሉ ፈርሷል።

ተናዛዥ፦ አርዲት ማክሲን ስቶልዝ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ሎይስ ሃኬት (ፊርማ)፣ ዴል ክራውስ (ፊርማ)

በጸሐፊው የተጨመረ፦ ዴል በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። አቶ ድዌይን ቁልፎቹን መልሰው፣ አንድ ከረጢት ናፍታሊን ጨምረው ልከዋል፤ ቃላቸውም "ቁልፉን ያዢው፤ ይሄን ግን ዘንድሮ እንኳ አትጣይው" የሚል ነበር። ወይዘሮ አርዲት ቁልፎቹን ይዘው በከዘራቸው ተደግፈው ወጥተው ተመለሱና እንዲህ ብለው አጻፉኝ፦ "ከረጢቱን መልሱለት። ጋራዡን ከፍቼዋለሁ፤ መጥቶ ራሱ ያስቀምጠው።"

ጂ. ጌሪንግ፣ ጠበቃ (ፊርማ)