የተሰረዘው የዴክ ሪፖርት

ሐሙስ፣ መጋቢት 12
ከቤት፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ ለቀጮ፣

እንዴት ሰነበትሽ? መድኃኒት ቤቱስ፣ ሥራው እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ከአምናው ተሽሎታል፤ አሁን ደረጃውን ሳታርፍ ትወጣለች። የስፌት መኪናዋን ከመኝታ ቤት አውጥታ ሳሎን መስኮቱ ሥር አድርጋዋለች፤ ብርሃን ፍለጋ ነው። እኔ ከነሽቦዬ ወደ ጥግ ተገፍቻለሁ። ቅሬታ አይደለም፤ እንድታውቂው ያህል ነው።

ደብዳቤ የምትጽፍልሽ እናትሽ ነበረች፤ እኔ ከግርጌ ሰላምታ ነው የማክለው። ዛሬ የምነግርሽ ግን ከግርጌ አልበቃ አለኝ። ነገሩ የጀመረው በአንድ ዴክ ነው፤ ከእሱ ልነሣ።

ባለፈው ወር መጀመሪያ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እኛ ቤት ድረስ መጣች። ምድር ቤታቸው ውስጥ ስምንት መቶ ያህል የሙዚቃ ካሴትና ቴፕ አላቸው፤ እርጥበት ሊጨርሰው ነው። ወደ ዲስክ ሊገለብጡት አስበዋል። አንድ ነጋዴ ለዚህ የሚሆን፣ ድምፅን ወደ ዲስክ የሚቀዳ የቤት ዴክ ለሙከራ ሰጥቷቸዋል፤ ጥሩ ከሆነ አምስት ይወስዳሉ። ኃላፊዋ የሚፈትነው ሰው ፍለጋ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዳ ስትጠይቅ፣ ሁሉም የነገሯት ስለ አንድ ሰው ነበር። ማን ብለው እንደጠሩኝም አልደበቀችኝም፤ "ጆሮ" ብለው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ስሙ ግን አሁንም ሥራ ላይ ነው።

እሺ አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሪፖርት ልሰጣት ተስማማን።

ዴኩ ጥቁር ነው። ክብደቱ ሰባት ኪሎ ተኩል ነው፤ አቅፌው ሚዛን ላይ ወጥቼ የራሴን ቀነስኩለት። ሁለት መሳቢያ አለው፤ የግራው ያጫውታል፣ የቀኙ ያጫውታልም ይቀዳልም። ሲወጣና ሲገባ አይንቋቋም። ከኋላው ለቴፕም፣ ለሸክላም፣ ለሬዲዮም መሰኪያ አለው። ፊቱ ላይ ያሉት ፊደሎች ጉንዳን ጉንዳን ያክላሉ፤ ይህን ጉድለት ብዬ መዘገብኩ። ያገኘውን ባዶ ዲስክ ሁሉ አይቀበልም። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የኮምፒውተሩን ስታጎርሺው መልሶ ይተፋዋል። ቀድተሽ ስትጨርሺ ዲስኩን ማሸግ አለብሽ፤ አንድ ቁልፍ ተጭነሽ አራት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ካላሸግሽው ሌላ ማጫወቻ አያነበውም። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍኩ። በወሬ የተቀበልኩት ነገር የለም፤ መመሪያውን እንኳ ያነበብኩት ሞክሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ ድምፁ ገባሁ። አንድ የድሮ የመፈተኛ ዲስክ አለኝ። አንዲት ሴት የድምፁን የቅጥነት ቁጥር ትጠራለች፣ ቀጥሎ ድምፅ ይመጣል፤ ከወፍራሙ ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ ይወጣል። እስከ ሦስት ሺህ ደህና ነበር። አራት ሺህ ላይ ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ መሰለ። ስድስት ሺህ ብላ ጠራች፤ ምንም። ስምንት ሺህ፤ ምንም። ገመድ ቀየርኩ፣ ስፒከር ቀየርኩ፣ በማዳመጫ ሞከርኩ። ያው ነው። ይባስ ብሎ የድምፁን መጠን የሚያሳዩት መብራቶች በዚያ ጭጭ ባለው ሰዓት ቦግ ብለው ይበራሉ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ዴኩ ከአራት ሺህ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች አያወጣም። መብራቶቹም ድምፅ በሌለበት ስለሚበሩ ሊታመኑ አይገባም። እንዳይወሰድ እመክራለሁ።" ፈረምኩበት።

ሪፖርቱን ሰኞ ሰጠሁ። ኃላፊዋ አመሰገነችኝ፤ ዓርብ ሰው ልካ ዴኩን ከእኔ በማስወሰድ ለነጋዴው እንደምትመልስ ነገረችኝ።

እስከዚያ ድረስ የምሞክረው እናትሽ ለልኬት ወደ ደንበኞቿ ስትወጣ እየጠበቅሁ ነበር፤ የስፌት መኪናው ስለሚረብሸኝ። ረቡዕ ጠዋት ግን እቤት ነበረች፤ መስኮቱ ሥር የኮት ገበር ትሰፋለች። እኔም ዴኩ ሳይሄድ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ የመፈተኛውን ዲስክ አስገባሁ። ስድስት ሺህ ላይ መኪናዋን አቆመች።

"አንተ፣ ይሄን የሚያፏጨውን ነገር ዝጋልኝ፤ ጥርሴን አጠረሰኝ" አለች።

የሚያፏጭ ነገር እንደሌለ፣ ዴኩ ተበላሽቶ እንደሆነ ነገርኳት። መቀሷን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"የሚያፏጨው እኮ እሱ ነው" አለች።

ማንቆርቆሪያው ይሆናል ብዬ ወጥ ቤት ገብቼ አየሁ፤ ምድጃው ጠፍቷል። ከዚያ እንደ ሥራ ያዝኩት። ወደ መስኮቱ ዞራ እንድትቀመጥና ድምፅ ስትሰማ እጇን እንድታነሣ አደረግሁ። በሪሞቱ አንዳንዴ አስጀምራለሁ፣ አንዳንዴ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሃያ ጊዜ ሞከርን። እጇ የሚነሣው መብራቱ በበራ ቁጥር ነው፤ አንድም አልሳተችም። እኔ አንዱንም አልሰማሁም።

ሲያልቅ ወደ እኔ ዞራ እየሳቀች፣ "ስንት አገኘሁ?" አለችኝ። ፊቴን ስታየው ሳቋን ተወችው።

በማግስቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ሴት ናት፤ ጭምት። ቁም ሣጥን በምታክል ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ማዳመጫ አጠለቀችልኝ፣ የምጫነው ቁልፍ አስያዘችኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ከመስታወት ጀርባ ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰውዬ ያን ቀን በወዲያኛው በኩል ሆንኩ። በኋላ ወረቀቱን አሳየችኝ። መስመሩ ለጥ ብሎ ይሄድ ይሄድና ሦስት ሺህን እንዳለፈ ቁልቁል ይወርዳል።

"አባቴ፣ ይሄ ያምና የዘንድሮ አይደለም" አለችኝ። "አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው አይገርመኝም። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰው በራሱ አያውቀውም፤ ዓለሙ የደበዘዘ ነው የሚመስለው።"

እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው እንደነበር ጠየቀችኝ። የእኔ ሥራ ለሌላው መንገር እንደነበር መለስኩላት።

አሥራ አምስት የሚለውን ቁጥር ይዤ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ። ያንቺ የቫዮሊን ቀረጻ ለጣቢያው የቀረበው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው።

ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ያለሁበትን ክፍል ግን አታውቂውም። ለአየር ይበቃል አይበቃም ብለን የምንወስነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ፣ የፕሮግራሙ አዘጋጅና እኔ። ቴፑ ላይ ስም አልነበረም፤ ቁጥር ነው የተጻፈበት። ቫዮሊኑ ገና ሲጀምር አንቺ መሆንሽን አወቅሁ። ወጥቼ መሄድ ይገባኝ ነበር፤ አልወጣሁም። ሁለቱ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ቅጹን ለመፈረም እኔን ይጠብቃሉ። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "አጨዋወቱ ንጹሕ ነው። ድምፁ ግን የታፈነ ነው፤ ብርሃን የለውም። ለአየር አይበቃም።" የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ እንደገና እንድሰማው ጠየቀኝ። እንደገና ሰምቼ ያንኑ አልኩ። "ጆሮ" የተናገረው ስለሆነ ተዉት።

ምሳ ላይ ለአንቺ የነገርኩሽ እኔው ነኝ። "አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?" አልሽኝ። "በጆሮዬ ነው የሰማሁት" አልኩሽ። ከዚያ ክሩን ሦስት ጊዜ ቀየርሽ። ደጋኑን ቀየርሽ፣ አስተማሪ ቀየርሽ። ማታ ማታ መጥተሽ "አሁንስ?" ትዪኛለሽ፤ እኔ ለውጡ አይሰማኝም፤ የማይሰማኝን ተሰማኝ ብዬ አላውቅም። በዓመቱ ከቤት ሄድሽ። ቫዮሊኑን ከሳጥኑ ካወጣሽው ስንት ጊዜሽ እንደሆነ አላውቅም፤ ጠይቄሽም አላውቅም።

ያን ዕለት ከሐኪሟ ተመልሼ ወረቀቱን ለእናትሽ ሳሳያት አገላብጣ አየችው። ከዚያ ስለ ጥቅምቱ ስልክ ጠየቀችኝ። ለካ አንቺ ደውለሽ "ተፋታን" ብለሽኝ ኖሯል። እኔ ጋ የደረሰው "ተነሣን" የሚል ነው። ከዚያ ጠባብ ቤት የወጣችሁ መስሎኝ፣ "ጎሽ፣ እንዲያውም ዘገያችሁ" አልኩሽ። መስመሩ ተቋረጠ፤ ኔትዎርክ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እናትሽ አጠገቤ ነበረች፤ ባልሽን ብዙም እንደማልወደው ስለምታውቅ አስቤ የተናገርኩት መሰላት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ምነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሐኪሟ እንዳለችው እንደ "ፍ"፣ "ስ"፣ "ት" ያሉት ድምፆች ናቸው ቀድመው የሚያመልጡት። ሰው አፍ አፉን እያየ ይሞላቸዋል። በስልክ አፍ አይታይም።

ዓርብ ጠዋት የተላከው ሰው ሳይመጣ ዴኩን በታክሲ ይዤ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ኃላፊዋን ሪፖርቱን መልሺልኝ አልኳት፤ ገረማት። ዴኩ ደህና መሆኑን፣ የተበላሸው የሰማበት ጆሮ መሆኑን ነገርኳት። ለነጋዴው ምን እንዳለችው ስጠይቃት ገና ምንም አላለችውም ነበር፤ እሱ በመትረፉ ደስ አለኝ። ሪፖርቱን በየገጹ ሰርዤ ሌላ ጻፍኩላት፤ የቀረው ጉድለት የፊደሉ ማነስ ብቻ ነው። ሌላ ሰሚ እንድትፈልግም መከርኳት።

ትንሽ አስባ፣ "ጋሼ፣ ቴፑን የሚያጸዳና የሚቀጥልስ ማንን አገኛለሁ?" አለችኝ።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። ሻጋታውን እጠርጋለሁ፣ የተበጠሰውን እቀጥላለሁ፣ መብራቱን አያለሁ። የምትሰማው መጽሐፍ የምታውሰዋ ሴትዮ ናት። መጀመሪያ ታፍር ነበር፤ አሁን "እዚህ ጋ ይንሸዋሸዋል" ስትለኝ ምንም ሳልከራከር አቆመዋለሁ።

ያለፈው ማክሰኞ ደግሞ ጣቢያው መዝገብ ቤት ሄድኩ። ያ ቅጽ አለ፤ ቢጫ ሆኗል። መዝገብ ቤቱ የድሮ ቅጽ ላይ መጻፍ ክልክል ነው ስላለኝ የሐኪሟን ወረቀት ግልባጭና አንድ ገጽ በእጄ ጽፌ አያያዝኩበት። የጻፍኩት ይህን ነው፦ "በዚህ ቀረጻ ላይ የተመዘገበው ጉድለት የቀረጻው አይደለም፤ የሰሚው ነው።" ቀን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ለአየር ይበቃል ብዬ ልጨምርበት ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ግን አልሰማሁትም፤ ያልሰማሁትን አልፈርምም። ግልባጩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

የቴፑ አንድ ቅጂ እኔ ጋ ነበር። ኃላፊዋ ከወሰዷቸው አምስት ዴኮች አንዱን ለቅዳሜና እሑድ አዋሰችኝና ወደ ዲስክ ገለበጥኩት። ዴኩ ሙዚቃው ጥቂት ዝም ሲል ያለቀ እየመሰለው አዲስ የሙዚቃ ቁጥር ይጀምራል፤ ቀስ ያለው ክፍል ላይ ያለችውን ዕረፍትሽን ለሁለት ከፍሏት ነበር። አውቶማቲኩን አጥፍቼ እንደገና ቀዳሁት። ታሽጓል፤ በየትኛውም ማጫወቻ ይሠራል።

ስቀዳው እናትሽን አጠገቤ አስቀምጫት የምትሰማውን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ስለ ሙዚቃ አላውቅም ብላ እምቢ አለች፤ በኋላ ግን እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የጻፍኩት፦ "ላይ ላዩን የሚሄድ ነገር አለው፤ ሐር ጨርቅ ላይ የጥፍርህን ጫፍ ስታስኬድ የሚሰማው ዓይነት። መጨረሻ ላይ ይጠራል፤ በጣም ይጠራል።" እኔ መብራቶቹን አየሁ፤ እላይ ድረስ ይወጣሉ። እዚያ ሲደርሱ የእናትሽን ፊት አየሁ። ሦስት ጊዜ መልሰን አጫወትነው፤ ለፈተናው አንዱ ይበቃ ነበር።

በሚቀጥለው ወር መስሚያ መሣሪያ ይገጠምልኛል። ሐኪሟ ብዙ እንዳልጠብቅ ነግራኛለች፤ ንግግርን ይረዳል፣ ቫዮሊን ላይ ግን ቃል አልገባም ብላለች። እሷን ወድጃታለሁ።

ስልክ አትደውዪልኝ፤ ለእናትሽ ደውዪላት። ለእኔ ጻፊልኝ። ያን ጥቅምት የነገርሽኝን፣ ከዚያም በፊት በስልክ ነግረሽኝ እኔ እሺ እሺ እያልኩ ያሳለፍኩትን ሁሉ፣ ጊዜ ሲኖርሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጻፊልኝ። ረጅም ቢሆን ግድ የለም፤ ዓይኔ ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት አስመርምሬዋለሁ።

ቤትሽ ሰላም ይሁን። ብቻሽን በምትበዪበት ገበታ ላይ በረከት አይለይሽ፤ እጆችሽን አምላክ ይጠብቅልኝ።

አባትሽ