ለጊዜው ብዬ የከፈትኩት መዝገብ

ጥቅምት 6
ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ። ለሱቆች የምንሸጠውን የኮምፒውተር የሽያጭ ፕሮግራም ባንኩ ሊያስመረምረው ነው። የካርድ ቁጥር አጠባበቃችንን። ሥራ አስኪያጁ ስልሳ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገና፣ "ሙይና ፈርሚ፤ ፕሮግራሙን የጻፍሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። ሃያ ሦስቱን ሞላሁ። ቀላል ነው።

ጥቅምት 7
ሃያ አራተኛው ጥያቄ፦ ከክፍያ በኋላ የካርድ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ አለ? "የለም" ልል ብዕሬን አንስቼ... ለማንኛውም ብዬ የአንዷን ደንበኛችንን የመድኃኒት ቤት ኮምፒውተር ከቢሮ ሆኜ ከፈትኩት።
የካቲት ላይ ክፍያ እየተቋረጠባት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በቀን አሥር ጊዜ ትደውል ነበር። ስህተቱን ለማግኘት ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ክፍያ እንዳለ እንዲመዘግብ አዘዝኩት። ለጊዜው ብዬ። ስህተቱ በሁለት ቀን ተገኘ። መዝገቡን መዝጋት ግን... ስምንት ወር ሙሉ ሲጽፍ ኖሯል! ስም፣ ሙሉ የካርድ ቁጥር። በስልክ ያዘዙትማ ከካርዱ ጀርባ ያለው ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ጭምር።
እንዴት ረሳሁት?

ጥቅምት 8
ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።
"ማን ያውቃል?"
"እኔና አንተ ነን፣ ጋሼ።"
"እንግዲያው አጥፊውና ፈርሚ። የተኛ ነገር ምን ያስቀሰቅስሻል?"
"ሰው ገብቶ ወስዶት ከሆነስ? ካጠፋሁት ማወቂያውም አብሮ ይጠፋል።"
"አንቺ ልጅ፣ አሥራ አራት ቤተሰብ እኮ ነው ከዚህ ቢሮ እንጀራ የሚበላው!"
እውነቱን ነው። የከበደኝም እሱ ነው። ስህተቱ የእኔ፣ መዘዙ የእነሱ።

ጥቅምት 9
ሁለት ጊዜ ማጥፊያው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ሁለት ጊዜ አነሳሁ። ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ጥቅምት 13
የባንኩ መርማሪ መጣች። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ሻይ እንኳ አልፈለገችም። ያልፈረምኩትን ቅጽ ፊቷ አስቀመጥኩና፣ "ሃያ አራተኛው... ቦታ አለ" አልኳት። ሥራ አስኪያጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።
"ማን ነው ያገኘው?"
"እኔ። የከፈትኩትም እኔ ነኝ።"
ጻፈችው። መዝገቡ ውስጥ ያሉት ካርዶች በሙሉ ይታገዳሉ። ፕሮግራሙም ተጣርቶ እስኪያልቅ ለአዲስ ሱቅ አይሸጥም።
ለመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ራሴ ደወልኩ። "እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አስተካከለችልኝ ብዬ ስመርቅሽ!" አለችና ዘጋችው።

ጥቅምት 15
ከሥራ ስገባ እናቴ ሳሎን ቦርሳዋን እንዳቀፈች ተቀምጣለች። የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳትገዛ ተመልሳለች።
"ካርድዎ ታግዷል አሉኝ፣ ወረፋው ሁሉ እያየኝ! በዚህ ዕድሜዬ ሌባ መሰልኩ። እጁን ይቁረጠውና፣ ማን ይሆን ይሄን የሠራው?"
"እኔ ነኝ፣ እማ።"
ሁሉንም ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከዚያ፣ "ለባንኩ ነገርሽ፣ ለባለ መድኃኒት ቤቷ ነገርሽ" አለች። "ለኔ መንገሩ ምን ከበደሽ?"
ከዚያ መድኃኒት ቤት እንደምትገዛ እኮ አውቃለሁ...
የሐኪሙን ወረቀት ተቀብያት ወጣሁ። ሌላ መድኃኒት ቤት ሞልቷል፤ ቅርብም ነው። እኔ ግን እዚያው፣ መዝገቡ የነበረበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለቤቷ ከመስኮቱ ኋላ ሆና አየችኝ፤ ፊቷን አዞረች።
ወረፋ ያዝኩ።