እርቅ የወረደበት ጥፊ

ውድ ዱረቲ፣

የአርጆ ጉም ዛሬም አልተገለጠም። አልጋሽን እንዳነጠፍሽው ትቼዋለሁ። አከራያችን አያ ጉደታ ሌላ ሰው እናስገባ ወይ ብለው ጠይቀውኝ እምቢ አልኩ። "ታዲያ ከግድግዳው ጋር ልታወሪ ነው?" ብለው ስቀውብኝ ሄዱ። እውነታቸውን ነው፤ ማውራት ጀምሬያለሁ።

ስልኬን የማታነሺው ተናደሽብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እናደድ ነበር። ከኪራሙ ተፈናቅዬ ነቀምቴ ኮሌጅ ስገባ ብርድ ልብስሽን ያጋራሽኝ አንቺ ነሽ። ቤተሰቦቼ የት እንደደረሱ ሳላውቅ ያለቀስኩትን ሁሉ የሰማሽው አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት አፌን ከፈትኩ?

ለማስተማር ልምምድ አርጆ ስንመደብ አንዳችን ስናስተምር ሌላችን ከኋላ ቁጭ ብለን እንድንከታተል ታዘን ነበር። ተማሪሽ ኬኔ ማባዛቱን ስትሳሳት ደጋግመሽ እንደታገስሻት አይቻለሁ። ከዚያ እጅሽ ቀደመሽና በጥፊ መታሻት። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች፤ አንቺም ደንግጠሽ ጠመኔው ከእጅሽ ወደቀ።

በማግስቱ ሽማግሌ ይዘሽ፣ እንደ ወጉ ለይቅርታ እርጥብ ሣር ጨብጠሽ እነኬኔ ቤት ሄድሽ። እኔም አብሬሽ ነበርኩ። አባቷ ይቅር አሉሽ። ሽማግሌው ኦቦ ዋቅወያ "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ይህ ነገር አይነሳም" ብለው ሲመርቁ አሜን ካልነው አንዷ እኔ ነኝ።

ከዚያ የኮሌጁ ተቆጣጣሪ መጥቶ በክፍላችሁ የተመታ ልጅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ አልኩት። መታረቃችሁንም ነገርኩት። "እርቁ የእነሱ ነው፤ እኔ የመጣሁት ስለ መምህርነቱ ነው" አለኝ። አንቺ ከልምምዱ ታገድሽ፤ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም።

አሁን መምህራኑ ሻይ ክፍል ስገባ ወሬ ያቆማሉ። የታረቀ ነገር ያነሳች ተብያለሁ። የኬኔ እናት አዮ ዘርፈሽ ገበያ መሃል አቁመውኝ፣ "ባርሲስቱ፣ አንቺ መምህርት፣ እኛ እናት አባቷ የተውነውን አንቺ ምን ቤት ነሽ?" አሉኝ። የያዝኩትን ድንች ሳልገዛ አስቀምጬ ሄድኩ።

ለእሳቸው ያልመለስኩትን ላንቺ ልንገርሽ። ካንቺ በኋላ ክፍሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ላጠፋ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ኬኔ ጆሮዋን ትሸፍን ነበር። መትቻት አላውቅም። ያን ቀን ሣሩን ያቀረብሽው ለአባቷ ነው፤ ይቅር ያሉሽም እሳቸው ናቸው። አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ ኬኔን የጠየቃት አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ አሜን ብዬ የእርቁን ምሳ በልቼ ተመለስኩ።

ጉዳይሽ በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጁ ውስጥ ዳግም ይታያል ሲሉ ሰምቻለሁ። ባይጠሩኝም ነቀምቴ እመጣለሁ። ትዕግሥትሽን፣ ድንጋጤሽን፣ ሣር ይዘሽ መሄድሽን እነግራቸዋለሁ። ጥፊውን ግን ያኔም ቢሆን አልደብቅልሽም። ከዚያ በፊት መጥተሽ ከኬኔ ጋር ብቻችሁን ብትነጋገሩ ደስ ይለኛል።

ዛሬ ሰሌዳ ሳጠፋ ዞር ብዬ አየኋት። ሁለቱም እጆቿ ደብተሯ ላይ ነበሩ። ትምህርት እስኪያልቅ ጓጉቼ፣ ለማን እንደምነግር እያሰብኩ እየሮጥኩ ቤት መጣሁ። በሩን ስከፍት ነው አለመኖርሽ ትዝ ያለኝ።

ተቆጥተሽብኝም ቢሆን እህትሽ፣
አስካለ