ግድግዳ ላይ የሚቆም ጥይት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ እህል ይቀምሳል? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ለመርፌ እንጂ ለብዕር አልፈጠነምና ቀስ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

መርዶው የደረሰኝ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እየዘመዘምኩ ነበር። ልጄ እናንተ ቤት፣ እንግዳ ክፍል ውስጥ እንደተኛ ማረፉን ወንድማችን በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። ይሄው ሰባት ወር፣ ካንቺ አንዲት ቃል የለም። ዝምታሽ ከበደኝ። እኔና አንቺ በሳቅ ያደግን ነንና በሚያስቅ ነገር ልጀምርልሽ።

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ አንድ ሰው በሬን ነካክቶ ሄደ። ወንድማችን ይህን ሲሰማ፣ ሌባ ነው፣ ሽጉጥ ያስፈልግሻል ብሎ እየጎተተ መሣሪያ መሸጫ ወሰደኝ። ሻጩ ፂሙን የሚያበጥር ደርባባ ሰው ነው። ወንድማችን «አርባ አምስት ካሊበር ስጣት፣ ዝሆን ይጥላል!» ቢለው፣ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ ዝሆን አስቸገረዎት እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ወንድሜ ነው ያስቸገረኝ» አልኩት።

ሻጩ፣ ለእጅዎ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ይሻላል፣ ሲተኮስ ብዙ አያንገጫግጭም አለ። ወንድማችን ደግሞ «እሱ ለዝንብ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እኔ መርፌ የምገዛ መሰለኝ። መርፌም በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚመረጠው ጨርቁ ታይቶ ነው። ስለዚህ «ጨርቁ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ፂሙን ማበጠሩን ትቶ «ጨርቁማ ሰው ነው፣ እትዬ» አለ።

«ገበሩስ?» አልኩት። «ከሳንቃው ግድግዳዬ ማዶ የጎረቤቴ ሕፃን ትተኛለች። ሌባውን ብስተው፣ ግድግዳው ላይ የሚቆመው ጥይት የትኛው ነው?»

ወንድማችን አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ሻጩ ሃያ ሁለት የምትባለውን ትንሿን ጥይት አነሣ፣ መልሶ አስቀመጣት። «እውነቱን ልንገርዎት፣ አንዱም አይቆም» አለኝ። ከዚያ ጎረቤቱ ወዳለው ብረት ሠሪ ላከን። ወንድማችን ረጅም የብረት መቀርቀሪያ ትከሻው ላይ አድርጎ መንገደኛውን ሁሉ እየገፋ፣ «ሽጉጥ ልገዛ ወጥቼ ምሰሶ ተሸክሜ ገባሁ!» እያለ ሲያማርር ብታዪው ሆድሽን ትይዢ ነበር። እኔም ከሰባት ወር በኋላ ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ።

እህቴ፣ ባለቤትሽም ያን ቀን አይቶ የተኮሰው በመስኮት በሚገባው ሌባ ላይ ነው። የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ስንት ጣት እንደሆነ ማን ለክቶ ያውቃል? እኔም ብሆን ሠላሳ ዓመት በኖርኩበት ቤት ገና ባለፈው ሳምንት ነው ያሰብኩት።

ጎረቤቴ ደግሞ ትናንት መጥታ፣ በሬን የነካካው ሌባ እንዳልነበረ ነገረችኝ። እጁን ሊያንኳኳ አንሥቶ፣ መልሶ አውርዶ፣ ፊቱን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ ሄደ አለች። መልኩንም ነገረችኝ። እግዜር ያሳይሽ፣ ሽጉጡን ቀድሜ ገዝቼው ቢሆንስ?

ባለቤትሽን፣ ሲመጣ ያንኳኳ በይው። አንቺም አብረሽው ነይ። መቀርቀሪያውን ቀን ቀን አልዘጋውም።

ቤታችሁ ሰላም ይሁን፤ ፈጣሪ እንቅልፋችሁን ይመልስላችሁ። ለልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ፤ ሁለታችሁም፣ ጎን ለጎን ቆማችሁ።

የማትቀየምሽ ታላቅ እህትሽ