ባምላኩ የኅዳር ሚካኤልን ጽዋ ወሰደ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለየምሥራች። ጤናሽ እንደምን ከርሟል? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይ? ጋሼ ዓምደሚካኤልስ ወገባቸውን ተሻላቸው? ኮከብ ጥርስ አወጣች? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገንና፣ ከመሐል ሜዳ ውርጭ በቀር ክፉ ነገር አልነካንም።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ሰው የማይወድ ባል አንቺንም አይወድሽም፤ ልጅ ሳይመጣ ወደ ቀየት፣ እማዬ ቤት ተመለሺ» ብለሽኝ ነበር። አልተቀየምኩም። ባምላኩ ሠርግ ላይ ጎርሶ የሚወጣ፣ ጎረቤት ሲመጣ በጎቹን ልይ ብሎ የሚሰወር፣ እኔ ከትምህርት ቤት ወሬ ይዤ ስገባ ፊቱ የማይፈታ መሆኑን የጻፍኩልሽ እኔው ነኝ። ሰለቸሁት ብዬ በልቤ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር።

አሁን ግን የሆነውን ስሚ። በጥቅምቱ የሚካኤል ማኅበር ላይ የኅዳሩን ማን ይደግስ በሚለው ጋሼ ጌጡና አቶ ውባየሁ ተያያዙ። «ተራው ያንተ ነው»፣ «ኧረ ያንተ ነው» ሲባባሉ መሸ። ባምላኩ የፈለገው ቤቱ መግባት ብቻ ነው። ጭቅጭቁ እንዲያልቅለት ብድግ ብሎ ጽዋውን ተቀበለና ወጣ። ሰው ሸሽቶ የወጣው ሰውዬ ማኅበርተኛውን ሁሉ ወደ ቤቱ ጠርቶ ገባ። እማዬ ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ጠላው ተጠመቀ፣ በጉም ታረደ፤ እኔ ግን በዕለቱ ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠፋም። ተቀመጥ ቢሉት እንቢ ብሎ ጆጉን እንደያዘ ዋለ፤ የማንም ብርጭቆ አልጎደለም። ጋሼ ጌጡ «እንዲህ ያለ ተጫዋች ሰው ደብቀሽን ኖሯል» አሉኝ። አንድ ቃል ሳይተነፍስ እኮ ነው።

እንግዳው ሲሸኝ «ዛሬስ ደስ አለህ?» አልኩት።

«አላለኝም» አለ። «ሌላው በጨዋታ ሲሞቀው እኔን አይሞቀኝም፤ ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። አንቺም ስታወሪኝ አንዳንዴ አይሞቀኝም። እማዬ ጋ የከረምሽ ጊዜ ግን ቤቱ በረደኝ» አለኝ።

ዋሽቶ ቢያቆላምጥሽ ይሻል ነበር ትይኝ ይሆናል። እኔን ግን አሳረፈኝ፤ ለካ የጎደልኩት እኔ አይደለሁም። ከእንግዲህ ሠርጉን እኔ እሄዳለሁ፣ እሱ በጎቹን ያያል። የወሬዬ ዕዳ ያንቺ ነው፤ በደብዳቤ ትችይዋለሽ።

ያን ማታ ይህን ካለኝ በኋላ ባናውን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ ደርቦ መደቡ ላይ ተቀመጠና ግማሹን ገልጦ ጠበቀኝ። ገባሁ። ስለዚህ ቀየት አልመለስም።

ጋሼ ዓምደሚካኤልን ወገብዎን ይማርልን በይልኝ። የኮከብን ጉንጭ ሳሚልኝ። እማዬ በሰላም ያገናኘን ብላለች። ባምላኩን «ሰላምታህን ልጻፍላቸው?» ስለው «ጻፊ» አለኝ፤ ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

እህትሽ መቅደላዊት
መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.