ከማዶ የመለሰው ጅራፍ

ሐምሌ 10 ቀን 1970፣ ሰኞ

ዝናብ። የጓዳው ጣሪያ እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ባልዲ ደቀንኩ።

ልጄ ፋንታዬ ሐሙስ ከጎንደር ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። እስከ ቡሄ ደባርቅ እኔ ዘንድ ይቆያሉ። ስለዚህ ዕቅድ ያስፈልጋል። ያለ ዕቅድ የሚያልፍ ዕረፍት ስንፍና ነው፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ በአርጩሜ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። ጠዋት ንባብ። ከሰዓት ዝናቡ ካባራ ሽርሽር። ማታ ገበጣ። በመጨረሻ ወንድሜ ክንዴ ዘንድ ወርደን ቡሄን ገጠር መዋል። የገደሉን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ማሳየት። በቅሎ ይልክልን እንደሆነ ክንዴን መጠየቅ።

ሽበሺ ዐሥራ ሁለት ሞላው። ዓለምዬ ስምንት። አባታቸው ከተገደለ ወዲህ ስቀው አያውቁም አሉ... እናያለን።

ሐምሌ 13፣ ሐሙስ

ደረሱ። ርጥብ፣ ዝም ያሉ።

ዳባት ላይ ወታደሮች አውቶቡሱን አስቁመውት ነበር። አንድ ወጣት አስወርደው፣ ጎማው አጠገብ አስተኝተው፣ በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት። ከዚያ ሹፌሩን "በል ንዳ!" አሉት። ወጣቱ ከጎማው ፊት ተነሥቶ ይሁን ሳይነሣ... ፋንታዬ አላየችም፤ ዐይኗን ጨፍና ነበር።

"ልጆቹስ?" አልኳት።

"በመስኮቱ በኩል እነሱ ነበሩ።"

እራት ላይ ነፋስ በሩን ወርውሮ ዘጋው። ዞር ስል ዓለምዬ የለችም። አልጋ ሥር አገኘኋት፤ ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ከታ። በሚያዝያ አባቷን፣ አሻግሬን፣ ደጃፉ ላይ ተኩሰው ሲገድሉት በሩን ከፍታ ያየችው እሷ ናት። ፋንታዬ ይህን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም ነበር።

"ውጪ" አልኩ። አልወጣችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ቀጭ አለ።

"ይህስ ምን ነበር?" አልኳት።

ከአልጋው ሥር፦ "የእማማ ጉልበት።"

"ልክ።"

ወጣች።

ሐምሌ 15፣ ቅዳሜ

ለልጆቹ የላስቲክ ጫማ ልገዛ ይዣቸው ገበያ ወጣሁ። እህል ተራው ጫፍ ላይ ሬሳ ተደርድሯል። ሁሉም ጎረምሶች። ደረታቸው ላይ ካርቶን፤ ካርቶኑ ላይ ጽሑፍ። የፊደል ስሕተት ነበረበት... ያንን ማየቴ! ምን ዓይነት ሴት ነኝ?

ዝናቡ ደሙን እየጠረገ ወደ ጎመን ሻጮቹ ያወርደዋል። አንዷ ጎመኗን አንሥታ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና መሸጧን ቀጠለች። የዓለምዬን ፊት ቀሚሴ ውስጥ ቀበርኩት። ሽበሺ ግን ረጅም ነው። እሱን የት ልቅበረው?

ጫማውን ገዛሁ። ልካቸው ነው።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ክንዴ ለንግሥ መጣ። ስድሳውን አልፎም እንደ ጎረምሳ ይጮኻል።

"እትዬ፣ ልጆቹን በንባብ ልታደርቂያቸው ነው?"

"አንተም ብታነብ ኖሮ እንዲህ አትጮኽም ነበር።"

"ካልጮኽኩ ማዶ ያሉት በምን ይሰሙኛል?"

ለልጆቹ የመንደሩን ቡሄ አወራላቸው። የእነሱ መንደር ከገደሉ ወዲህ፣ ሌላው መንደር ከማዶ። ወዲህ ጅራፍ ሲጮኽ ከማዶ ይመለሳል። መመለስ ያቃተው መንደር ዓመቱን ሙሉ ሲሰደብ ይኖራል። "ዘንድሮ እናሳፍራቸዋለን። ዓለምዬ፣ አንቺ ነሽ የምታጮኺው!"

"ሴት ልጅ?" አለ ሽበሺ።

"አያትህን ጠይቃት። በልጅነቷ እኔን ታስንቀኝ ነበር።"

እውነት ነው። ልጆች ፊት ማውራት ግን አልነበረበትም።

ሲሄድ አሰብኩበት። ልጅቷ የምትሸሸውን ድምፅ በገዛ እጇ ብታወጣውስ?

ሐምሌ 24፣ ሰኞ

ደንብ አወጣሁ። ድምፅ ሲሰማ መሮጥ የለም። መጀመሪያ ስሙን መጥራት፤ መፍራት የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ በኋላ መፍራት።

በር። ነጎድጓድ። የወደቀ ክዳን። የጎረቤት መጥረቢያ። ጎበዝ ናት፤ ጆሮዋ ስለታም ነው።

ከሰዓት ከእስር ቤቱ በኩል ተኩስ። አንድ፣ ከዚያ ፋታ፣ ከዚያ አንድ... እየለዩ ነው የሚገድሉት። ጓሮ የነበረችው ፋንታዬ ርጥብ ልብስ እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ዓለምዬ "ጠመንጃ" አለች።

"ልክ" አልኩ።

ሐምሌ 29፣ ቅዳሜ

ሽበሺ ጓሮ ውስጥ ከልጥ ጅራፍ ገምዶ አጮኸ። ወዲያው አብዮት ጠባቂዎች አጥር ጥሰው ገቡ። ያንኑ ጅራፍ ቀምተው ጀርባውን ገሸለጡት። ልጋርደው ብል አሽቀንጥረው ጭቃ ላይ ጣሉኝ። ተነሣሁ። እንደገና ጣሉኝ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ያርጋል ደረሰ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። "ተዉት!" አላቸው፤ ተዉት። ከጭቃው ደግፎ አነሣኝ።

"እትዬ ስንቄ፣ ዘንድሮ ከተማ ውስጥ ጅራፍ ክልክል ነው። ወታደሩ ከተኩስ አይለየውም።"

"ይማራ! ይቺ የስምንት ዓመት ልጅ ተምራለች።"

"እሱ ቢሳሳት የሚኮረኩመው የለም፣ እትዬ። ገጠር ይውሰዷቸው። እዚያ ወታደር የለም፤ እንደ ልባቸው ያጩኹ።"

የይለፍ ወረቀቱን በዚያው ጻፈልኝ። ከልቡ ነበር።

ነሐሴ 3፣ ረቡዕ

ሽበሺ ደረቱን ተኝቶ ያነባል። ቁስሉን በጨው ውኃ አጠብኩለት፤ ትራሱን ነከሰ እንጂ አልጮኸም። በገበጣ አሸነፈኝ። አጭበርብሯል። አይቼ ዝም አልኩ።

ነሐሴ 10፣ ረቡዕ

ወረድን። በቅሎዋ ላይ እኔና ዓለምዬ፤ ሽበሺና እናቱ በእግር። ኬላው ላይ ወረቀቱን አገላብጠው ስንቃችንን በሳንጃ ወጉት። የፆም ቆሎና ዳቦ ነው፤ ምን ሊገኝበት? ዳቦው ውስጥ የሳንጃው ቀዳዳ አለ። በላነው።

ጉሙ ሲገለጥ ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ሣር ሲነጩ አገኘናቸው።

"እማማ! ደረታቸውን ተመተዋል!"

"አልተመቱም። ቀይ ሆኖ ነው የተፈጠረው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"አያማቸውም?"

"አያማቸውም።"

ያን ጊዜ ሳቀች። የሰማሁት ሳቅ ነው፤ ስሙን አልተሳሳትኩም።

ከክንዴ ደጅ ሆነው ወደ ታች ሲያዩ የሊማሊሞ መንገድ በማዶው ተረተር ላይ ተጣጥፎ ይታያል። ባዶ ነው።

ነሐሴ 12፣ ዓርብ

አጮኸችው!

ክንዴ ከኋላዋ ቆሞ ክንዷን ይዞ አሽከረከረላት። መጀመሪያ ጅራፉ የራሷን እግር ገረፋት፤ አላለቀሰችም። ከዚያ ለብቻዋ። ጧ! ራሷ ደንግጣ ቆመች፤ ወዲያው "ጅራፍ!" ብላ ጮኸች። ከማዶ መንደር መለሱላት። ክንዴ መሬት ላይ እስኪንከባለል ሳቀ። "የማዶዎቹ ወንዶች በሴት ልጅ ተሰደቡ!" ሽበሺ ቀናባት። ፋንታዬ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ማታ ልጆቹ አልጋ ውስጥ እየሳቁ ነበር። እንደ ደንቡ "ዝም በሉ" ማለት ነበረብኝ። አልተባለም።

ዕቅዱ ሠራ።

ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር

ክንዴን ገደሉት።

ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ

በሥርዓቱ ልጻፈው። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙልሙል ታደለ። ጉም ነበር፤ ማዶው አይታይም። ሽበሺ ጀርባው ገና አልዳነም፤ ቢሆንም አጮኸ። ዓለምዬ አጮኸች። በመጨረሻ ክንዴ ትልቁን ጅራፍ አነሣ፤ ገደሉ ተንቀጠቀጠ።

ከማዶ መለሱ። ጠንከር ያለ፣ ደረቅ።

"ሰማሽ እትዬ? ዘንድሮ በርትተዋል!"

ዓለምዬ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ። "እማማ፣ ይሄ ጅራፍ አይደለም።"

"የገደል ማሚቶ ነው የሚያወፍረው። ተሳስተሻል" አልኳት። ...ተሳስተሻል አልኳት።

"አልተሳሳትኩም።"

ክንዴ አፋፉ ላይ ካለው ቋጥኝ ወጣ፤ ከፍ ብሎ ካላጮኸ መንደሩ ሊሰደብ ነው። በዚያው ቅጽበት ጉሙ ተቀደደ። ማዶ መንገዱ ላይ የጦር ካሚዮኖች ቆመዋል። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርዱ ናቸው፤ የእኛን ጅራፍ ተኩስ ብለውታል። እኛ የእነሱን ተኩስ ጅራፍ ብለነዋል። ክንዴም አያቸው። መሸሽ ይችል ነበር። እሱ ግን እንዲያዩለት ጅራፉን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ዘረጋ። "ጅራፍ ነው! የቡሄ ጅራፍ ነው!"

አንዱ ጥይት አንገቱ ሥር ገባ። ሌላው መንጋጋውን ይዞት ሄደ። ወደ እኛ ወደቀ። ፋንታዬ ልጆቹ ላይ ተኛችባቸው። ድንጋዩ በላያችን ይፈረካከሳል፤ በቅሎዋ ሆዷን ተመትታ ወደ ገደሉ ሄደች። ስትወርድ ስትጮኽ ብዙ ቆየች።

በኋላ ወታደሮቹ ዞረው መጡ። የመንደሩን ወንዶች ጭቃ ላይ አስተኝተው ጀርባቸው ላይ ተራመዱ። "መሣሪያው የት አለ?" እያሉ የክንዴን ቤት በርብረው በረበሩትና ምንም ሲያጡ አቃጠሉት። መኮንኑ ጅራፉን ከክንዴ እጅ ፈልቅቆ አገላበጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

አዋቂ ሁሉ ዝም አለ። "ጅራፍ" አለች ዓለምዬ።

ጅራፉን አየው። እሷን አያት። ሬሳው ላይ ጣለውና ሄደ።

ነሐሴ 24፣ ረቡዕ

ደባርቅ። ያርጋል ለልቅሶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ "እዚያ ወታደር የለም ያልኩት እኔ ነኝ" አለ። ወንበር አልሰጠሁትም። ትምህርት ቤት ጥፋት ሲያጠፋ እንደሚቆመው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ አለቀሰ። ቆይቼ "ተቀመጥ" አልኩት።

መስከረም 1 ቀን 1971፣ ሰኞ

ዐውደ ዓመት። ዝናቡ ቆሟል። ፋንታዬና ልጆቹ ከነገ ወዲያ ጎንደር ይመለሳሉ። የሽበሺ ጀርባ ጠገገ። ስለ ቡሄ አያወራም።

ከሰዓት ይህን ደብተር ልከፍት ስል አንድ ነገር ጧ አለ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ጠረጴዛው ሥር መሆኔን ነው። እኔ። በዚህ ዕድሜዬ። ጉልበቴን አቅፌ፣ ጣቶቼ ጆሮዬ ውስጥ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። መውጣትም አልቻልኩም።

ዓለምዬ መጣች። ማንንም አልጠራችም። አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ከጆሮዬ አወጣች።

"እማማ፣ መጀመሪያ ስሙን ይጥሩ።"

ቃሉ አልወጣልኝም። ጠበቀችኝ። ስታስተምር ትዕግሥተኛ ናት፤ ከእኔ ትሻላለች።

"...ክዳን" አልኩ። "የድስት ክዳን።"

"ልክ" አለች።