ጉቺን ከመሸጤ በፊት

ጭሮ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኢታና፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን፤ ጋራዡም እንደ እኔው እያረጀ ቆሟል። ሦስት ጊዜ ስልክ ደውዬልህ ሳታነሳው ዘግቼዋለሁ። ይህን ነገር ድምፅህን እየሰማሁ መናገር ስላቃተኝ ነው ወረቀት የያዝኩት።

የካቲት ላይ እናትህን እትዬ ከበደችን ከቀበርን በኋላ፣ ጓሯቸው ቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመችውን ፔጆህን በመዳፍህ ዳበስ አድርገህ፣ «ሽጣት እንግዲህ አምባው፤ እሷ እንደሆነ ከድሮም ደክማለች» ብለኸኝ ወደ ሻሸመኔ ተመለስክ። ገዢ አግኝቻለሁ። አብዱልቃዲር የሚባል የበደሳ ቡና ነጋዴ ነው፤ ለልጁ ሠርግ ሊያስጌጣት ነው አሉ። እስከ ቅዳሜ መልስ ስጠኝ ብሎኛል። እኔ ግን ልሸጣት ስነሳ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጉቺ አልደከመችም፣ ኢታና። አንድም ቀን ደክማ አታውቅም።

በ1987 ስታመጣት ትዝ ይልሃል? የሚኤሶ ልጆች ሜዳው ላይ ስትሮጥ አይተው በኦሮምኛ «ጉቺ» ብለው የሰጎኗን ስም አወጡላት። በደሳ የጫንከው ጫት ጤዛው ሳይደርቅ ሚኤሶ ለሚጠብቀው መኪና ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ከጎንህ ተቀምጬ ቁልቁለቱን ስንወርድ በቃሌ የማላውቀውን ዳዊት ደገምኩ። አንተ ትስቃለህ፣ እኔ የበሩን እጀታ አንቄያለሁ። ያን ቀን ከልቤ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልነገርኩህም።

ግንቦት 1989 ከእናንተው ከጫት ጫኞቹ አንዱ ሾፌር ገደል ገብቶ በተቀበረ በሳምንቱ፣ እናትህ ጃንጥላቸውን ይዘው ጋራዥ መጡ። ወንበር ባቀርብላቸው እንቢ አሉ። እንደቆሙ፣ «እኔ ጸሎቴን አድርሻለሁ። መፍቻ ግን የለኝም» አሉኝ። ምን እንደፈለጉ ወዲያው ገባኝ።

በማግስቱ ዘይት ላስቀይር ብለህ ስታመጣት፣ የቤንዚን መስጫው ገመድ ሞተሩ ጋ በሚያልቅበት ቦታ አንዲት አጭር ቡሎን አሰርኩ። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ወለል እንዲነካልህ ገመዱን አላላሁት። እግርህ እስከ መጨረሻው ይረግጣል፤ ሞተሩ ግን ካለው ጉልበት ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ይሰጣል። «ጉቺን ምን ነካት?» እያልክ ስትመላለስ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ማጣሪያ አጠብኩ፣ ቤንዚኑ ተበርዟል ብዬ ምንም ያላደረገኝን ማደያ አማሁ።

ከዚያ ተፎካካሪህ ሾፌሩ መስዑድ ወደ ሚኤሶ ሲወረድ ጥሎህ አለፈ፤ ያውም ጡሩንባውን እየነፋ። በሳምንቱ ነጋዴዎቹ ጫታቸውን ለእሱ ጫኑ። ያን ቀን ጋራዥ መጥተህ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠህ ዋልክ። አቀማመጥህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቡሎኗን ልፈታት ቆርጬ ሳለ ለእሁድ ጸሎት ቤታችሁ ጋበዝከኝ። እኔ የማርያም ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ተሸማቅቄ ተቀመጥኩ። አንተ ተነስተህ መሰከርክ፤ «ጌታ የመኪናዬን ጉልበት ወስዶ ሕይወቴን መለሰልኝ» አልክ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጫት አልጭንም አልክ። ጉባኤው እልል ሲል ከፊቴ የነበሩት እናትህ ዞር ብለው አላዩኝም። ስንወጣ ጠጋ ብዬ፣ ይህ ውሸት ነውና እንንገረው አልኳቸው።

«የቱ ጋ ነው ውሸቱ?» አሉኝ።

እናንተ በእምነታችሁ መሐላ ስለማትወዱ፣ እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ እንዳልነግርህ ቃል ብቻ አስገቡኝ።

አንተ ሻሸመኔ ሄደህ አውቶቡስ መንዳት ያዝክ፤ ጉቺ ቀረች። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ሞተሯን አስነሳ ነበር። እናትህ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊት ወንበር ይገባሉ። የት ደረስን ይሉኛል፤ ሚኤሶ እላቸዋለሁ። የበሩን እጀታ አንቀው፣ «ቀስ በል እንጂ» ይሉኛል፣ መኪናዋ ከቆመችበት ንቅንቅ ሳትል። ስለ አንተ የምናወራው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቡሎኗን ፈታሁ። ዝጋ እንቢ ስላለችኝ ነጭ ጋዝ ሲጠጣባት አደረ። ገመዱን ወጠርኩ፣ ፍሬኑን አደስኩ፣ ጎማ ቀየርኩና በጠዋት ወደ ቦርደዴ ነዳኋት። ሜዳው ላይ ስደርስ ፔዳሉን ረገጥኩት። ኢታና፣ ጉቺ ሄደች። ያኔ ከጎንህ ተቀምጬ እንደሄደችው ሄደች። ብቻዬን እያለቀስኩ ነዳሁ። ቦርደዴ ሻይ ያዘዝኳት ልጅ ዓይኔን አይታ፣ ሰው ሞቶበት ነው ብላ መሰለኝ፣ ስኳሩን እጥፍ አድርጋ አመጣችልኝ።

የወሰድኩብህ ይህን ነው። ሕይወትህን አተረፍን እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ፤ ምናልባትም እውነት ነው። ነገር ግን ጓደኛዬን በገዛ እጄ በመስዑድ ፊት አሳነስኩት፣ ካንዴላ እየቀየርኩም ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። ምስክርነትህን ልነጥቅህ ብዬ አይደለም። እናትህ ለጠየቁኝ ጥያቄ እኔ ዛሬም መልስ የለኝም፤ አንተ ካለህ ንገረኝ።

አብዱልቃዲርን ቅዳሜ ይቅርታ እለዋለሁ፤ ቢቀየምም ይቀየም። ደክማለች ብለህ ያዘዝከውን ሽያጭ አልፈጽምም። መጥተህ እስከ ቦርደዴ ንዳትና ከዚያ ሽጣት በለኝ፤ ያን ጊዜ ቃል ሳልመልስ እሸጣታለሁ። ዓይንህን አልይ ብትለኝም አልፈርድብህም። ቡሎኗን ፖስታው ውስጥ ታገኛታለህ፤ ዝገቱን አልጠረግኩትም።

ከመጣህ ግን እግርህን በዝግታ አሳርፍ። ከእንግዲህ የሚይዝህ ቡሎን የለም፤ ቀስ በል የሚሉህም የሉም።

የበደለህ ወንድምህ፣
አምባው